ልጄን ዲዮስቆሮስ ልበለው? ትርጉሙንና ታሪኩን የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

የሄለን እናት

ሰላም ለሁላችሁ። መስከረም 7 ወንድ ልጅ ወለድኩ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለታችንም ደህና ነን።

አማቼ አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ቤታችን አራት ኪሎ ነው፣ እሳቸው ግን ዛሬም በእግራቸው አራዳ ጊዮርጊስ ድረስ ሄደው ነው የሚያስቀድሱት። በተወለደ ማግስት ሊጠይቁን መጡና ገና ሳይቀመጡ "በዲዮስቆሮስ ዕለት ነው የተወለደው፣ ስሙን ይዞ ነው የመጣው" አሉ። ባለቤቴ ደስ አለው። እኔን ስሙ ከበድ ብሎኝ ነበር። ግን እማማ ካረፉ ወዲህ የአባባ ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼ ስለማላውቅ ዝም አልኩ።

በሦስተኛው ቀን እህቴ ገንፎ ልትበላ መጣች። ስልኳን አውጥታ ስሙን ፈለገችና "ይሄ እኮ የዜውስ ልጆች ማለት ነው፣ የጣዖት ስም ነው" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሊት ላጠባው ስነሳ የማስበው ይሄንኑ ነው። ክርስትናው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። አባባን ፊት ለፊት መጠየቅ ከበደኝ፤ ስሙን የናቅኩባቸው እንዳይመስላቸው ፈራሁ።

እውነት ትርጉሙ ይሄ ነው? ከሆነስ ቅዱሱ ሰው እንዴት በዚህ ስም ተጠራ? ግሪኮቹ ራሳቸውስ ዛሬ ልጆቻቸውን እንዲህ ይላሉ? ታላቋ ልጄ ሄለን ነው ስሟ፣ የእሷን ስናወጣ አንድ ሰው ምንም አላለንም። የዚህኛው ለምን እንደከበደኝ እኔም አልገባኝም።

ቡና በጤና

እንኳን ማርያም ማረችሽ እህቴ! በወለድሽ በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፍ የሚነሳሽ ነገር ባይኖር ደስ ይለኛል። ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው እስኪመልስልሽ አንድ ነገር ልበል። አባባን ጠይቂያቸው። አያት በልጅ ስም ሲጠየቅ አይቀየምም፣ ማውራት ነው የሚፈልገው።

ፊደል ወዳድ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። እህትሽ አልተሳሳተችም፣ ግን የነገረችሽ የታሪኩን መጀመሪያ ብቻ ነው።

ስሙ ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው። "ዲዮስ" ማለት "የዜውስ" ነው። አንዳንድ ሰው "የእግዚአብሔር" ማለት ነው ሲል ሰምቻለሁ። እሱ ሌላ ቃል ነው፤ ቴዎድሮስና ቴዎፍሎስ ውስጥ ያለው "ቴዎስ" ነው እግዚአብሔር ማለት። የኋለኛው ክፍል "ኮሮስ" ደግሞ ወጣት ወንድ ልጅ ማለት ነው፣ ሌሎች ግሪኮች "ኩሮስ" ይሉታል፣ አቴናዎች "ኮሮስ"። አንድ ላይ ሲሆን "የዜውስ ልጅ" ይሆናል። በብዙ ቁጥር ሲነገር "ዲዮስኩሮይ" የሚባሉት በግሪክ ተረት ውስጥ ያሉ መንትያ ወንድማማቾች ናቸው፣ ካስቶርና ፖሊዴውኬስ። አንዱ ሟች ነው፣ ሌላው የማይሞት። ካስቶር ሲሞት ወንድሙ ብቻዬን አልኖርም ብሎ ሕይወቱን ከእሱ ጋር ተካፈለ ይባላል። መርከበኞች በማዕበል ጊዜ የሚጠሩት እነሱን ነበር። ሰማይ ላይ ደግሞ ጎን ለጎን የሚያበሩ ሁለት ኮከቦች ዛሬም በስማቸው ይጠራሉ።

አሁን መጽሐፍ ቅዱስሽን ክፈቺና የሐዋርያት ሥራ 28 ቁጥር 11ን አንብቢ። ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮበት መላጥያ ደሴት ላይ ሦስት ወር ከቆየ በኋላ ወደ ሮም የተሳፈረው በእስክንድርያ መርከብ ነው፣ መርከቡ ላይ የነበረው ምልክት ደግሞ የዲዮስቆሮስ ነው። አማርኛውም ስሙን እንዲሁ ነው የሚጽፈው። ጳውሎስ አልሳፈርም አላለም፣ ሉቃስም ምልክቱን ጠቅሶ አለፈ። ከመርከቡም የስሙ አገር የት እንደነበር ይታይሻል፤ ባሕር የሚወጣ ሰው የበዛባት እስክንድርያና ግብፅ። በግብፅ ፓፒረሶች፣ ማለትም ከደንገል በተሠሩ የጥንት ወረቀቶች ላይ ይህን ስም የያዘ ገበሬ፣ ጸሐፊ፣ ነጋዴ ሞልቷል። በ6ኛው መቶ ዘመን አፍሮዲቶ በምትባል ከተማ የኖረ አንድ ዲዮስቆሮስ ነበር፣ የሕግ ሰውና ገጣሚ። የግል ወረቀቶቹ በ1905 እ.ኤ.አ. ከመሬት ውስጥ ተገኙ፣ ክሱም ውሉም ግጥሙም አብሮ። ክርስቲያን ነበር። ስሙን ሲፈርም ዜውስን እያሰበ አይመስለኝም።

ወደ እኛም ባሕር መጥቷል ስሙ። በመጀመሪያው መቶ ዘመን ቀይ ባሕርን የሚመላለሱ የግሪክ ነጋዴዎች ሶቆጥራን "የዲዮስኮሪደስ ደሴት" ብለው ነው የጻፏት።

ስለ ፊደሉም አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ነገር ነው። ግዕዝ የግሪክ ስሞችን ሲቀበል እንደመጣለት አልጻፈም። የግሪኩን "ካፓ" በቀ ነው የጻፈው፤ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ቂርቆስ። "ታው" የሚባለውን በጠ፣ "ቴታ" የሚባለውን በተ። ጢሞቴዎስ የሚለውን ስም ብቻ ብታዪ ሁለቱንም ታገኛለሽ፣ መጀመሪያው ጢ ነው፣ መሐሉ ቴ ነው፣ በግሪክኛውም ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ አባባ "ዲዮስቆሮስ" ሲሉ "ቆ" ያለቦታው የገባ አይደለም። ያ "ቆሮስ" የአቴናዎቹ "ኮሮስ" ነው፣ መጨረሻ ያለውም "ስ" ሳይወድቅ እኛ ዘንድ ደርሷል።

እና የመጨረሻው፣ በተለይ ለአንቺ። የእነዚያ የሁለቱ መንትዮች እህት ማን እንደምትባል ታውቂያለሽ? ሄለን። በተረቱ የዜውስ ልጅ የምትባለው እሷው ነች። ልጅሽን ሄለን ስትያት ግን አንድም ሰው ያቺን አላሰበም፣ አንቺም አላሰብሽም። ያሰባችሁት መስቀሉን ያስቆፈረችውን ንግሥት እሌኒን ነው። ልክም ናችሁ።

የእሪ በከንቱ ልጅ

እንኳን ማርያም ማረችሽ። እኔ ግን ከላይ ካለው ወንድሜ ትንሽ እለያለሁ። ሐሳቤን የምሰጠው በቅንነት ነው።

ሄለንን ማንም ስለማይጠይቃት ነው የማይከብዳት። ሺህ ሄለኖች አሉ። ዲዮስቆሮስን ግን በየሄደበት "ምን ማለት ነው?" ይሉታል። ትምህርት ቤት፣ ሥራ ቦታ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር። ያኔ ልጁ "የዜውስ ልጅ" ብሎ ይመልስ? ሰው ስሙን ሲናገር ማብራሪያ መጨመር የለበትም ብዬ አምናለሁ። ቅዱሱን መዘከር ከሆነ ቀኑን ይዘክሩ፣ ጠበልና ዳቦ ያድርጉ። ለልጁ ሁላችንም ስንሰማው የሚገባን የአማርኛ ወይም የግዕዝ ስም ይውጣለት። በረከት፣ ናትናኤል፣ ኤልያስ፣ ስንት አለ። ስም ትርጉም አለው፣ ትርጉሙ ደግሞ ይከተላል ይሉ ነበር አያቴ፣ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

ፊደል ወዳድ

ወንድሜ፣ አያትህን አከብራለሁ። ግን ስም የሚከተለው ሥሩን ከሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የሚቀረን ስም ጥቂት ነው።

ድሜጥሮስን ውሰድ። ዴሜጥር የግሪኮች የእህል አምላክ ነበረች፣ ስሙ "የእሷ የሆነ" ማለት ነው። ግን እኛ ድሜጥሮስ ስንል የምናስታውሰው የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳስ ነው፣ ባሕረ ሐሳብን የምንቆጥረው በእሱ ስም አይደለም እንዴ? ዐቢይ ጾም መቼ ይገባል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል ስንል በየዓመቱ የእሱን ድካም ነው የምንጠቀመው። ጳውሎስ "ወንድሜና ከእኔ ጋር አብሮ ሠራተኛ" ያለው አፍሮዲጡስ? ስሙ ከአፍሮዲጤ የመጣ ነው። አጵሎስ ከአፖሎ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ይዘው ተጠመቁ፣ በዚያው ስም ደም አፈሰሱ፣ ስሙ የእነሱ ሆነ።

ልጇ ሴት ብትሆን ኖሮ በናትናኤል ምትክ ፌቤን ትላት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ስንት ፌቤን አለች አዲስ አበባ ውስጥ! ትርጉሙ "ብሩህ" ነው፣ ግሪኮቹ አርጤምስን የሚያወድሱበት ቅጽል ነበር። ስሙ "ፌቤ" ሆኖ ሳለ እኛ ፌቤን የምንለው ሮሜ 16 ላይ ጳውሎስ አደራ ሲል ተሳቢ አድርጎ ስለጠራት ነው፣ በግሪክኛው ያ "ን" የተሳቢ ምልክት ነው። ራሱ ዜውስ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ "ድያ" የተባለው በዚሁ መንገድ ነው፣ የሐዋርያት ሥራ 14ን እይ። አየህ፣ ስም ምን ያህል ርቆ ከሥሩ እንደሚሄድ። ፌቤን የምትባል ልጅ ስሟን ስትናገር አርጤምስን የጠራች የሚመስለው ሰው የለም።

ስሜም እሱ ነው

ይህን ጥያቄ አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ስሜ ዲዮስቆሮስ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ ያደግኩት ቀበና ነው።

የእሪ በከንቱው ወንድማችን ያለው እውነት ነው፣ ይጠይቁሃል። ስም ሲጠራ መምህሩ እኔ ጋ ሲደርስ ቀና ይላል። ሰፈር ውስጥ ዲዮ ነኝ፣ ሥራ ቦታም ዲዮ። ሙሉውን የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነች፣ አንድም ፊደል ሳትውጥ። ልጅ እያለሁ ትንሽ አፍሬበት አውቃለሁ፣ አልዋሽም፣ ምክንያቱም ክፍል ውስጥ አምስት ዳዊት እያለ አንተ ብቻህን ስትሆን ሁሉም ያይሃል። ወደ 15 ዓመቴ ገደማ ግን ተገለበጠ። ስሙ የእኔ ብቻ መሆኑ ይገባኝ ጀመር። "ምን ማለት ነው?" ሲሉኝ ትርጉሙን አይደለም የምነግራቸው፣ ሰውየውን ነው። "አልፈርምም ያለው የእስክንድርያ ፓትርያርክ" እላለሁ። ጨረስኩ። እስከ ዛሬ አስከትሎ ስለ ዜውስ የጠየቀኝ የለም።

ግሪኮቹ ይጠሩበታል ወይ ላልሽው፣ ከራሴ የሆነውን ልንገርሽ። የዛሬ ስንት ዓመት ፒያሳ እዚሁ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ አንድ የግሪክ ሽማግሌ ጋር ለሥራ ሄድኩ። አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል። ስሜን ስነግራቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። "ይሄ የእኛ ስም ነው፣ ግን እኛ ዘንድ እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም" አሉኝ። ለምን ስላቸው "የእናንተ ቅዱስ ለእኛ ቅዱስ አይደለም" አሉ፣ በክፋት አይደለም፣ ትንሽ ያዘኑ መሰሉኝ። ከዚያ ስሜን በግሪክ ፊደል በቁራጭ ወረቀት ጻፉልኝ። አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለች።

ዲያቆን ነኝ

የሽማግሌውን ነገር ልቀጥለው፣ ምክንያቱም ስሙ ግሪክ ሆኖ ግሪክ አገር ለምን እንደጠፋ የሚያስረዳው ያ ነው።

ቅዱስ ዲዮስቆሮስ የእስክንድርያ 25ኛው ሊቀ ጳጳስ ነው። ከቅዱስ ቄርሎስ ቀጥሎ በ444 እ.ኤ.አ. ተሾመ። በ451 ንጉሡ መርቅያን ኬልቄዶን ላይ ጉባኤ ጠራ፣ ቦታው ዛሬ ኢስታንቡል ውስጥ ነው። የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ልዮን በላከው ደብዳቤ ላይ ክርስቶስ "ሁለት ባሕርይ" ነው የሚለውን ተቀበል አሉት፣ እምቢ አለ። ከመንበሩ አወረዱት፣ ጋግራ አጋዙት፣ በ454 እዚያው አረፈ። ጋግራ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ቻንክሪ የምትባለው ከተማ ነች። ስንክሳራችን ደግሞ ጥርሱን አረገፉት፣ ጺሙን ነጩት፣ እሱም ሰብስቦ "ይህ የሃይማኖቴ ፍሬ ነው" ብሎ ወደ ልጆቹ ላከው ይላል። ይህን ስናነብ ድምፅ የማይቀየርበት አንባቢ እኔ አላየሁም።

ግሪኮችና ሮማውያን ጉባኤውን ተቀበሉ። ስለዚህ እነሱ ዘንድ የተወገዘ ሰው ሆነ፣ በተወገዘ ሰው ስም ደግሞ ማን ልጁን ይጠራል? ግብፆች፣ ሶርያውያንና እኛ ግን በቅዱስነት ያዝነው። ከ14ቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ ነው፣ አጭር ነው፣ የሚያምር ነው። መስከረም 7 ዕረፍቱ ነው። ግሪኮቹ የተዉትን የግሪክ ስም ይዘን የኖርነው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለችበት። በጥር 1963 ዓ.ም. የሁለቱ ወገን የነገረ መለኮት ሊቃውንት እዚህ ከተማችን ውስጥ ተሰብስበው የተነጋገሩት በእርስ በርስ ውግዘቱና አንዱ ወገን ያወገዘውን ሌላው ቅዱስ ስለሚልበት ነገር ነበር። የሽማግሌው ሐዘን የእሳቸው ብቻ አይደለም።

እናቲቱ፣ ከፓትርያርኩ በፊትም ሌላ ዲዮስቆሮስ ነበረ። ይህ እንኳ ለልጅ ስም በጣም ይስማማል። በ250 እ.ኤ.አ. ገደማ በንጉሡ ዳክዮስ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ ክርስቲያኖችን ሲይዙ አንድ የ15 ዓመት ልጅ አብሮ ተያዘ። ዳኛው ልጅ ነው፣ በቀላሉ ይመለሳል ብሎ መጀመሪያ በቃል አባበለው፣ ከዚያ በግርፋት ሞከረው። አልተመለሰም። በመለሰው መልስ ዳኛው ተገርሞ፣ ዕድሜው ገና ነው፣ እስኪያስብበት ጊዜ ይሰጠው ብሎ ለቀቀው። ይህን በደብዳቤ የጻፈው በዘመኑ የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ የነበረው ዲዮናስዮስ ነው፣ ልጁም ከእሱ ጋር እንደነበረ ይናገራል። ከሞት የተረፈ ሰማዕት ማለት ነው።

በነገራችን ላይ፣ ክርስትና ሲነሳ ካህኑ የሚሰጡት የክርስትና ስም ለብቻው ነው። ወልደ፣ ገብረ፣ ኃይለ ያሉት። ስለዚህ ዲዮስቆሮስ መጠሪያው ቢሆን የክርስትና ስሙን አይነካም፣ ሁለቱ አይጋጩም።

የእሪ በከንቱ ልጅ

የ15 ዓመቱን ልጅ አላውቅም ነበር። አስቀድሜ ባውቅ ያን ያህል አልከራከርም ነበር። አሁንም ስሙ ለልጅ ይከብዳል ብዬ ነው የማምነው፣ ግን "የጣዖት ስም ነው" የሚለውን ትቻለሁ።

የሄለን እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጻፋችሁትን ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ ሁለቴ ሌሊት እያጠባሁ።

የቡና በጤናን ምክር ሰማሁ። ትናንት አባባ ሲመጡ ስልኬን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። የዜውሱ ጋ ሲደርሱ "አውቃለሁ" አሉኝ። በቃ፣ አውቃለሁ። የቆሎ ተማሪ እያሉ የኔታ ነግረዋቸው ነበር። የጠበቅኩት ቁጣ ነበር፣ የመጣው ግን ወሬ ነው፤ አመሻሹን ሙሉ ስለ የኔታቸው አወሩኝ፣ ባለቤቴ እንኳ ሰምቶት የማያውቀውን። የ15 ዓመቱ ልጅ ጋ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ሕፃኑን ስጪኝ ብለው ታቅፈውት ቆዩ።

እህቴም እዚያው ነበረች። የሄለንና የመንትዮቹ ነገር ነው እሷን ያሳመናት።

ዲዮስቆሮስ ብለነዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ወንድሜ ዲዮ እባክህ። የልደት ሰርተፍኬት ላይ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ እንዴት ላስጽፈው? ባለቤቴ "ቆ" ስላለው በኪው ይሁን ይላል፣ እህቴ በሲ ትላለች።

ስሜም እሱ ነው

እንኳን ደስ አላችሁ! አባባን በእኔ ስም ሳሚልኝ።

የእኔ በኬ ነው፣ ሽማግሌው የጻፉልኝም ግሪክኛው በካፓ ስለሆነ በኬ መጻፉ ለግሪኩ ይቀርባል። ሮማውያን ስለጻፉት ነው በሲ የሚታወቀው፣ እሱም ስህተት የለውም። በኪው ግን አላስጽፈውም፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ማንበብ ይቸግረዋል። ከሁሉ በላይ የመረጣችሁትን መጀመሪያ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቃል አትንገሩ። እኔ ሰርተፍኬቴ ላይ አንድ "ኤስ" ስለጎደለ ፓስፖርት ሳወጣ ስንት ቀን ተመላልሻለሁ። ክትባት ካርዱ ላይም ያንኑ አስጽፊ፣ ከዚያ ጀምሮ አንድ ዓይነት ይሁን።